ያውቁ ኖሯል? ከካኩማ እስከ ሜልበርን!

ከአውስትራሊያ ፉትቦል ስመ ጥር ተከላካዮች አንዱ የተወለደው ኬንያ ውስጥ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ከሞያሌ ወደ ምዕራብ ይሂዱ፤ የቱርካናን ሐይቅ ይሻገሩ፤ የካኩማን የስደተኞች ካምፕ ያገኛሉ። አሊር አሊር እ.ኤ.አ. በ1994 ከደቡብ ሱዳናውያን ወላጆች የተወለደው እዚያ ነው! አልተሳሳቱም፣ ስሙ ሁለት ጊዜ ነው የሚጠራው!

 

ጨዋታው ፉትቦል ይባል እንጂ ኳሱ በእጅ ይያዛል! መወርወር ግን ክልክል ነው፤ በአንድ እጅ ይዘው በሌላው ጡጫ ይመቱታል! ኳሱን ይዞ የሚሮጥ ደግሞ በየ15 ሜትሩ መሬት ማስነካት አለበት። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ በሙሉ ሩጫ ላይ እያሉ አንጥረው መልሰው ለመያዝ እስቲ ይሞክሩት!

በአንድ ቡድን 18 ተጫዋች! ሜዳውም ሞላላ! ከጨዋታ ውጪ የሚባል ነገር የለም!

ጎል 6 ነጥብ ነው! በጥቂቱ የሳተም ባዶ እጁን አይመለስም፤ 1 ነጥብ ያገኛል! የጎል ዳኛው ለጎል ሁለት ባንዲራ፣ ለአንዷ ነጥብ አንድ ባንዲራ ያውለበልባል።

ከአየር ላይ ኳስ ለመቅለብ በተጋጣሚ ትከሻ ላይ በጉልበት መውጣት ይፈቀዳል! ተመልካቹ ከሁሉ አብልጦ የሚወደውም ይህንኑ ነው!

አውስትራሊያ ውስጥ አዲስ ተጫዋች ክለብ አይመርጥም፤ ክለቦች በተራ ይመርጡታል! መጀመሪያ የሚመርጠው ደግሞ በደረጃ ሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ነው! አሊር በ2013 በሲድኒ ስዋንስ የተመረጠው 44ኛ ሆኖ ነበር። ዋናውን ቡድን እስኪቀላቀል 2016 ደረሰ! በዚያው ዓመት ሲድኒ ለፍጻሜ አለፈ፤ አሊር ግን ጉልበቱን ተጎድቶ ቀረ። እንዴት ያንገበግባል! ወደ ፖርት አደላይድ ተዛወረና በ2021 ከመላው ሊግ 22 ሰዎች ብቻ ከሚገቡበት የዓመቱ ምርጥ ቡድን ተካተተ! እሰየው!

ከአፍሪካ የመጣው አሊር ብቻ አይደለም! ካርቱም የተወለደው ማጃክ ዳው በ2013 ለኖርዝ ሜልበርን የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ፣ የመጀመሪያ ምቱ ጎል ሆነች! በ2018 መጨረሻ ዳሌው ተሰባብሮ ነበር። በ2020 ወደ ሊጉ ተመለሰ! ከዚህ የበለጠ ጽናት ከየት ይመጣል?

ከሌሎች አገሮች የመጡም አሉ! የደብሊኑ ጂም ስታይንስ 244 ጨዋታዎችን አንድም ሳያጓድል በተከታታይ ተጫውቷል! የሊጉን ምርጥ ተጫዋች ሜዳሊያም በ1991 አጥልቋል! አሜሪካዊው ሜሰን ኮክስ ደግሞ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ11! በ2023 ከኮሊንግውድ ጋር ዋንጫ አነሳ!

ሴቶቹስ? የሴቶች ሊግ በ2017 ሲጀመር፣ ካኩማ ያደገችው አኬች ማኩር ቹኦት ለፍሪማንትል ተሰለፈች! በሊጉ የተጫወተች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት እሷ ናት!

ከኢትዮጵያስ? አለ እንጂ! ቻንኩኦት ጂያት የተወለደው እዚሁ አገራችን ውስጥ፣ ከደቡብ ሱዳናውያን ወላጆች ነው። በ2019 በሆውቶርን ማሊያ ሊጉን ተቀላቀለ! ታናሽ ወንድሙን ቴውን ደግሞ በ2023 የመረጠው ሌላ ክለብ ነው፤ ኮሊንግውድ!