ከነባር መንገደኞች ጋር ወደ አንኮበር

ውድ አንባቢ! ገደል ሥር ተወልደህ ያደግህ ከሆንክ ይህን አንብበህ ትስቅብኝ ይሆናል፤ ሳቅ፣ ግድ የለም። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። በ1972 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር ከገበሬዎች ጋር የወጣሁበትን ቀን ላጫውትህ።

በመሠረተ ትምህርት ጣቢያችን ጠመኔ አልቆ ነበር፤ የፊደል መጽሐፉም ለሁሉ አልበቃም። ዕቃው አንኮበር ደርሷል ተባለ፤ በጭቃው ምክንያት ግን መኪና አይወርድም። የገበሬ ማኅበሩ አባላት ማሽላ ጭነው ለገበያ ሊወጡ ስለነበር አብሬያችሁ ልሂድ አልኩ። ማታ ማታ ከፊት የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ተማሪዬ የሸራ ጫማዬን አይተው፣ «መምህር፣ ይኼ እኮ የሜዳ ጫማ ነው» አሉኝ።

«ግድ የለም አባባ፣ ኳስ ተጫዋች ነኝ» አልኳቸው። ኧረ የኔ ነገር!

ገና ሳይነጋ ተነሣን። እነሱ ከአህዮቹ ኋላ ቀስ እያሉ ሲራመዱ እኔ እየቀደምኩ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃቸው ጀመር። መንገዱ የቆየ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አልዩ አምባ የታወቀች የነጋዴ ከተማ ነበረች፤ ከአፋር በረሃ የመጣው ጨው በዚያ በኩል ወደ ሸዋ ደጋ ይወጣ ነበር። ያን ሁሉ ጭነት ያወጣ ሰው እየሮጠ እንዳላወጣው ማሰብ ነበረብኝ።

ዋናው አቀበት ሲጀምር ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ጀመር። አቀበት ላይ ሰው በየእርምጃው የገዛ ክብደቱን ነው የሚያነሣው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ብርዱም አለ፤ አንድ ሺህ ሜትር ሲወጣ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። እነሱ ይህን በቁጥር ሳይሆን በእግራቸው ያውቁታል። እርምጃቸው አጭር ነው። ዳገቱን ፊት ለፊት አይጋፈጡትም፤ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ ይወጡታል። ሲያርፉም ቆመው ነው፤ ላብ ሳይበርድባቸው ይቀጥላሉ። ከሁሉ ይልቅ የቡድኑን ፍጥነት የሚወስነው ደካማው አህያ ነው።

እኔ ግን ተረከዜ ውኃ ቋጥሮ ማነከሴን ደበቅሁ። «ሽንቴን ልሽና፣ እደርስባችኋለሁ» ብዬ ወደ ኋላ ቀረሁ። በዚያች ቅጽበት ጉሙ ወረደ። መንገዱ ሁለት ሆነብኝ፤ በግራ ያዝኩ። ጥቂት እንደሄድኩ እግሬ ሥር ጠጠር ሲንከባለል ሰማሁ፤ ሲያርፍ ግን አልሰማሁም።

«ባለህበት ቁም! እንዳትንቀሳቀስ!»

ሽማግሌው ናቸው። ጭነታቸውን ለሌላ ሰው ትተው ተመልሰዋል። ክንዴን ይዘው እስኪያወጡኝ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ግን ተቆጡ፤ «እግርህ መቁሰሉን ብትነግረን ምን ነበረበት? እኛ ፊደል ሲጠፋብን እንጠይቅህ የለ!»

ጫማዬን አስወልቀው የራሳቸውን በረባሶ ሰጡኝ፤ እሳቸው በባዶ እግራቸው ወጡ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ የማልደብቅህ ነገር አለ። እኔን ሲጠብቁ ረፈደ። አንኮበር ስንደርስ ገበያው ተበትኗል። ማሽላቸውን አንድ ነጋዴ ባለው ዋጋ ወሰደው፤ አዳር ስለማይችሉ እንቢ ሊሉት አልቻሉም። አንዱ ጎልማሳ ለልጁ ሊገዛ ያሰበውን ልብስ ሳይገዛ ቀረ። ማንም ፊቴ ላይ አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ አንተም ከነባር መንገደኞች ጋር አቀበት የምትወጣ ከሆነ፣ ጉዳትህን ገና ስትጀምርህ ተናገር። ዱላ ያዝ፣ ደረቅ ልብስ ያዝ፣ መንገድ ሲከፈል ብቻህን አትምረጥ። ከኋላህ ሰው መኖሩንም ዞር እያልክ እይ።

ጠመኔውን በላስቲክ ጠቅልለን፣ መጽሐፉን በአህያ ጭነን ለመውረድ ተነሣን።

«አባባ፣ እኔ በየት በኩል ልሁን?» አልኳቸው።

«ከአህያው ኋላ» አሉኝ።