የቅዱስ ያሬድ ዜማ እና የኪቦርድ ቅኝት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የሊቀ መላእክት የቅዱስ ገብርኤል በዓል በሐዋሳ ሲከበር፣ ከልዩ ልዩ የሀገራችን ክፍሎች የሚመጡ ምእመናን ከተማዋን ይሞሏታል። በቅጽሩ ውስጥ ሊቃውንቱ በከበሮና በጸናጽል ያሸበሽባሉ፤ ከቅጽሩ ውጭ ደግሞ በኪቦርድ የታጀቡ መዝሙራት በድምፅ ማጉያ ይሰማሉ። ብዙዎቻችን ሁለቱን ለይተን አናደምጥም። ነገር ግን በድምፆቻቸው አለካክ የተለያዩ ናቸው። ጆሮው በሁለተኛው ብቻ ያደገ ወጣት የመሪጌታውን ዜማ ሲሰማ «ከቅኝት ወጣ» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደሚመጣና ለምን ትክክል እንዳልሆነ በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ቅኝት ምንድን ነው?

ቅኝት ድምፆች እርስ በርሳቸው የሚኖራቸውን ርቀት የሚወስን ሥርዓት ነው። አባትና ሕፃን ልጁ አንድ ዜማ አብረው ሲያዜሙ የልጁ ድምፅ ይቀጥናል፤ ጆሮ ግን ሁለቱን እንደ አንድ ድምፅ ይቀበላቸዋል። የሙዚቃ ባለሙያዎች ይህን ርቀት ኦክታቭ ይሉታል። አንድ አውታር በግማሽ ሲያጥር የሚሰጠው ድምፅም ይኸው ነው። የአውታሩ ሁለት ሦስተኛ ብቻ ሲመታ ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር እጅግ የሚስማማ ሌላ ድምፅ ይወጣል፤ ይህም አምስተኛ ይባላል። እነዚህን ተፈጥሮ ትሰጣለች። በኦክታቭ መካከል ያለው ስፍራ እንዴት ይከፈል ለሚለው ጥያቄ ግን ሕዝቦች ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም።

የኪቦርዱ 12 ድምፆች

ከአንድ ድምፅ ተነሥተን 12 ጊዜ በአምስተኛ ወደ ላይ ብንወጣ፣ በ7 ኦክታቭ ከሚደረስበት ቦታ የምንገጥም ይመስላል። ስሌቱ ግን አይገጥምም፤ አንድ ተኩልን 12 ጊዜ እርስ በርሱ ስናባዛ 129.75 ገደማ ይሆናል፤ ሁለትን 7 ጊዜ ስናባዛ ግን 128 ነው። ይህች ትንሽ ትርፍ ለጆሮ ትሰማለች። በቻይና ልዑሉ ዡ ዛይዩ በ1584 እ.ኤ.አ.፣ በዚያው ዘመን ገደማም በአውሮፓ ሲሞን ስቴቪን፣ ኦክታቭን በ12 እኩል ደረጃዎች የሚከፍል ስሌት አቀረቡ። የዛሬው ፒያኖና ኪቦርድ የሚቃኙት በዚህ ሥርዓት ነው።

የዚህ ሥርዓት ጥቅም ከየትኛውም ድምፅ ተነሥቶ ያንኑ ዜማ መጫወት ማስቻሉ ነው። ዋጋው ደግሞ ከኦክታቭ በቀር ሌሎቹ ድምፆች ሁሉ ከተፈጥሯዊ ስምምነታቸው ጥቂት መራቃቸው ነው። ባለሙያዎች የአንዱን ደረጃ ርቀት 100 ሴንት ብለው ይለካሉ። ተፈጥሯዊው ትልቁ ሦስተኛ ድምፅ 386 ሴንት ገደማ ሲሆን በኪቦርድ ላይ 400 ነው። እንግዲህ ኪቦርድ ሰዎች ለአመቺነት የተስማሙበት አንድ ቅኝት እንጂ የድምፅ ሁሉ ሚዛን አይደለም። የግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የዜማ መምህራን ኦክታቭን በ72 ጥቃቅን ክፍሎች ከፍለው ያስተምራሉ፤ በ1932 እ.ኤ.አ. በካይሮ በተደረገው የዐረብ ሙዚቃ ጉባኤም በኪቦርድ ቁልፎች መካከል ስለሚውሉ ድምፆች ሰፊ ክርክር ተደርጓል።

የያሬድ ዜማ በምን ይለካል?

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም ግእዝን፣ ዕዝልንና ዓራራይን እንደ ደረሰ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንዳደራጁ ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ እና ሌሎቹም ምልክቶች ድምፁ ምን ያህል ከፍ እንደሚል በቁጥር አይናገሩም፤ ድምፁ የሚያዝበትን፣ የሚንሸራተትበትን፣ የሚርከረከርበትን፣ የሚወርድበትንና የሚቆረጥበትን መንገድ ያሳያሉ። ከቃሉ በላይ የሚጻፉት ጥቃቅን ፊደላትም ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን ዜማ ያስታውሱታል።

በጭረት የሚንሸራተት ድምፅ በሁለት ቁልፎች መካከል ያለውን ስፍራ ሁሉ ይነካል። ኪቦርድ ግን ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው ይዘላል እንጂ መካከሉን አያውቀውም። ስለዚህ ዜማው በኪቦርድ ሲጫወት የሚጠፋው ጌጡ ብቻ አይደለም፤ የዜማው አካሄድ ራሱ ይለወጣል።

በበገናም እንዲሁ ነው። ዐሥሩ አውታሮች የሚቃኙት በደርዳሪው ጆሮ፣ ከገዛ ድምፁ ጋር እንዲስማሙ ተደርጎ ነው። አንድ አባት ዝቅ አድርጎ፣ ሌላው ከፍ አድርጎ ቢቃኝ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚጠበቀው በአውታሮቹ መካከል ያለው ስምምነት ነው። በስልክ መቃኛ መተግበሪያ እየተመሩ እያንዳንዱን አውታር ከኪቦርድ ድምፅ ጋር ማስገጠም አባቶች በጆሯቸው የጠበቁትን ርቀት ሊያስለቅቅ ይችላል።

ምን እናድርግ?

ሐዋሳ የድጓ ምስክር ከሆነው ከቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ከሆነው ከዙር አምባ የራቀች ከተማ ናት። በእንዲህ ያሉ ከተሞች የሚያድግ ወጣት ዜማን ከመምህር አፍ ይልቅ ከስልክና ከድምፅ ማጉያ አብዝቶ ይሰማል። በቀረጻ ቤቶች ደግሞ ድምፅ የሚያርሙ ሶፍትዌሮች የዘማሪውን ድምፅ በቅርቡ ወዳለው ቁልፍ ይጎትቱታል። አድማጩ «ጠራ» ይላል፤ ነገር ግን የጠፋው ስሕተት ሳይሆን ዜማው ራሱ ሊሆን ይችላል።

ከእኅት ቤተ ክርስቲያን ከግብፅ የምንማረው አለ። ራጊብ ሙፍታህ የተባሉ ምሁር ዕድሜያቸውን ለቅብጥ ዜማ ሰጥተው፣ ከእንግሊዛዊው ኧርነስት ኒውላንድስሚዝ ጋር ዜማውን በኖታ በ16 ጥራዝ አስጻፉ። በዚህ ብቻ ሳይወሰኑ የታላቁን መምህር የሚካኤል ጊርጊስን ድምፅ አስቀረጹ፤ ወረቀት የማይዘው ነገር በመምህሩ ድምፅ ይቀመጣልና።

እኛም በየአጥቢያችን ይህን ልናደርግ እንችላለን፦

• ሰንበት ትምህርት ቤቶች ዜማን በመሪጌታ አንደበት፣ ያለ ኪቦርድ አጃቢነት ያስተምሩ።
• የአረጋውያን መምህራን ዜማ ሳይታረምና ሳይታጀብ ይቀረጽ፤ የተቀረጸበት ቀንና የዜማው ዓይነት ይመዝገብ።
• በገና የሚማሩ ወጣቶች አውታሩን ከመምህራቸው ጋር በጆሮ መቃኘትን አስቀድመው ይልመዱ።
• የመዝሙር አሳታሚዎች ያሬዳዊ ዜማን በድምፅ ማረሚያ ከማስተካከል ይቆጠቡ።

ይህን ስንል የዘመኑን መሣሪያ በራሱ ለመንቀፍ አይደለም። ኪቦርድ ለተሠራለት ሙዚቃ ያገለግላል። አባቶቻችን ከአፍ ወደ ጆሮ ያቆዩልንን ዜማ ግን ለሌላ ዜማ በተሠራ ሚዛን ልንመዝነው አይገባም። መምህሩ በሕይወት ሳለ ያልተሰማ ዜማ በኋላ ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝምና፣ ዛሬ ከእግራቸው ሥር ተቀምጠን እንስማ።

የአባታችን የቅዱስ ያሬድ ጸሎትና በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።