የመዶሻው ዋጋና የገዢው ዋጋ፤ በጨረታ የሚገዙ ሳንቲሞች ስለሚሸከሙት ኮሚሽንና ታክስ

ጨረታ፣ ተጫራቾች አንዱ ከሌላው እየበለጡ ዋጋ የሚጠሩበትና ዕቃው የመጨረሻውን ዋጋ ለጠራው የሚሰጥበት የሽያጭ ስልት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያሻም። አጫራቹ መዶሻውን ሲያሳርፍ የጸናው ዋጋ የመዶሻ ዋጋ ይባላል። በዩናይትድ ስቴትስ ግን ጥንታዊ ሳንቲም፣ ቴምብር፣ ሥዕል ወይም የእጅ ሰዓት በሚሸጥባቸው ጨረታዎች ገዢው ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብ ከመዶሻው ዋጋ ጋር እኩል የሚሆንበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ በዋጋው ላይ የገዢ ኮሚሽን፣ የሽያጭ ታክስ፣ የመላኪያና የመድን ወጪ ይደረብበታል፤ በክሬዲት ካርድ ለሚከፍል ወይም በኢንተርኔት መድረክ በኩል ለሚጫረት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ጭማሪ አለ። ስለ ሳንቲሞች ብርቅነትና ታሪክ ብዙ ሲጻፍ ስለዚህ ሒሳብ የሚጻፈው ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል፤ ጨረታ በውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ ሒሳብ የበለጠ አጥርቶ የሚያሳይ ነገር የለምና።

የገዢ ኮሚሽን ማለት አጫራቹ ድርጅት ከመዶሻው ዋጋ ላይ በመቶኛ አስልቶ ከገዢው የሚቀበለው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሁለቱ ታላላቅ ድርጅቶች፣ ክሪስቲስና ሶዝቢስ፣ ይህን ክፍያ በለንደን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሆን መጠኑም 10 በመቶ ነበር፤ ነጋዴዎች አጥብቀው ቢቃወሙትም ክፍያው ጸንቶ ቆየ፣ ከዚያም እያደገ ሄደ። ሶዝቢስ እ.ኤ.አ. በ2024 መጠኑን ወደ 20 በመቶ ዝቅ አድርጎ ነበር፤ በዓመቱ ግን ሐሳቡን ለውጦ እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ለሚደርስ የመዶሻ ዋጋ 27 በመቶ እንዲሆን አደረገ። በሳንቲም ጨረታዎች ዘንድ 20 በመቶና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ መጠን የተለመደ ነው።

የሽያጭ ታክስ ከዚህ የተለየ ነው፤ የሚጥሉት ክፍለ ግዛቶችና ከተሞች እንጂ የፌዴራሉ መንግሥት አይደለም። ዴላዌር፣ ሞንታና፣ ኒው ሃምፕሸር፣ ኦሪገንና አላስካ በክፍለ ግዛት ደረጃ ይህ ታክስ የላቸውም፤ በኒው ዮርክ ከተማ ግን የክፍለ ግዛቱና የከተማው ድርሻ ተደምሮ 8.875 በመቶ ይደርሳል። ለረጅም ዘመን ከሌላ ክፍለ ግዛት በፖስታ የሚገዛ ሰው ታክሱ አይጠየቅም ነበር፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1967 እና በ1992 በሰጣቸው ውሳኔዎች መሠረት ክፍለ ግዛት ታክስ እንዲሰበስብለት ማስገደድ የሚችለው በግዛቱ ውስጥ ቢሮ፣ መጋዘን ወይም ሠራተኛ ያለውን ሻጭ ብቻ ነበርና። ሰኔ 21 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ በሳውዝ ዳኮታ ክፍለ ግዛትና በኢንተርኔት ቸርቻሪው በዌይፌር ክርክር፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ የቀድሞ አቋሙን ሻረ፤ ከዚያ ወዲህ በአንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ ከተወሰነ መጠን በላይ የሚሸጥ አጫራች ድርጅት የዚያን ግዛት ታክስ ከገዢው እየሰበሰበ ያስገባል። ሻጩ ባይሰበስብ እንኳ ገዢው ራሱ አስታውቆ ሊከፍለው የሚገባ የአጠቃቀም ታክስ የሚባል ግዴታ ከድሮም ነበረ። “ድሮ ነጻ ነበር” እያሉ የሚያማርሩ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው፤ ድሮ የቀረው ግዴታው ሳይሆን ታክስ ሰብሳቢው ነበር።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ታክሱ የሚሰላው በመዶሻው ዋጋ ላይ ብቻ ይመስላቸዋል። በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ግን የገዢው ኮሚሽን የመሸጫው ዋጋ አካል ስለሚቆጠር ታክሱ በሁለቱ ድምር ላይ ያርፋል። በኒው ዮርክ ታክስ ለሚከፈልበት ዕቃ የመላኪያው ወጪ ራሱ ታክስ ይከፈልበታል፤ በካሊፎርኒያ ግን መላኪያው በሒሳብ መጠየቂያው ላይ ለብቻው ተለይቶ ከተጻፈ በአብዛኛው ከታክስ ይድናል።

ነገሩን ለማየት የሚመች ዕቃ የዳግማዊ ምኒልክ ብር ነው፤ የ1887 ዓ.ም. ቀን ተጽፎበት በፓሪስ የገንዘብ ማተሚያ መመታት የጀመረው፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝነው ይህ የብር ገንዘብ በአሜሪካና በአውሮፓ የሳንቲም ጨረታዎች ላይ ይወጣል፤ ሰብሳቢዎችም አንበሳው ያነሳው የግራ እግሩን ይሁን የቀኙን እስከመመርመር ድረስ ይፈልጉታል። (ከአገር ሲወጣ ሕግ የተጣሰበትን ቅርስ በተመለከተ ግን ማንኛውም ሒሳብ ከመሰላቱ በፊት ዕቃው ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይቀድማል፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከኢትዮጵያ ማውጣትን ይከለክላል፣ ከአፈር የወጡ የአክሱም ሳንቲሞችም ይህን ጥያቄ የሚያስነሱ ናቸው።) ታክሱ እንደ ቦታው እንዴት እንደሚለያይ ለማየት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ከተሞች ሲልቨር ስፕሪንግ በሜሪላንድ፣ አሌክሳንድሪያ ደግሞ በቨርጂኒያ ነው፤ በመካከላቸው የፖቶማክ ወንዝ ይፈስሳል። ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ መንግሥት ለመገበያያነት ያወጣውን ሳንቲም በማንኛውም ዋጋ ቢሸጥ ከሽያጭ ታክስ ነጻ አድርጋለች። ሜሪላንድ በአንጻሩ ከ1,000 ዶላር በላይ ለሆነ የሳንቲም ግዢ ትሰጠው የነበረውን ነጻነት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 አንሥታ 6 በመቶ ታስከፍላለች። እንግዲህ የመዶሻው ዋጋ 1,000 ዶላር፣ ኮሚሽኑ 20 በመቶ ቢሆን፣ ወደ አሌክሳንድሪያ የሚላክለት ገዢ ከመላኪያው በቀር 1,200 ዶላር ሲከፍል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው 1,272 ዶላር ይከፍላል፤ ታክሱ 60 ዶላር ሳይሆን 72 የሆነው በኮሚሽኑም ላይ ስላረፈ ነው። ደግሞም ታክሱ ርክክቡን ይከተላል እንጂ የገዢውን መታወቂያ አይከተልም፤ የአሌክሳንድሪያው ሰብሳቢ ኒው ዮርክ ድረስ ሄዶ ጨረታውን ካሸነፈ በኋላ ሳንቲሙን እዚያው ተረክቦ በኪሱ ይዞ ቢወጣ 106 ዶላር ከ50 ሳንቲም ታክስ ይከፍላል፣ ወደ ቤቱ ይላክልኝ ቢል ግን ከዚህ ገንዘብ ይድናል። በቸኮለ እጅ የሚጠፋ ገንዘብ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሊተኮርበት የሚገባው ስሌት ወደ ኋላ የሚሄደው ነው፤ ማለትም ገዢው በጠቅላላው ሊያወጣ ከወሰነው ገንዘብ ተነሥቶ እስከምን ድረስ መጥራት እንዳለበት ማወቅ። ብዙ ሰው 20ን ከ6 ጋር ደምሮ 26 በመቶውን ከገደቡ ላይ ይቀንሳል፤ ከ1,000 ዶላር 260 ሲነሳ 740 ይቀራል፣ ተጫራቹም በዚያ ያቆማል። ስሌቱ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ነው፤ መቶኛዎቹ የሚባዙ እንጂ የሚደመሩ አይደሉም፤ የተባዛ ነገር ደግሞ የሚመለሰው በማካፈል እንጂ በመቀነስ አይደለም። ትክክለኛው መንገድ 1.20ን በ1.06 አባዝቶ 1.272 ማግኘት፣ ከዚያም 1,000ን ለዚህ ቁጥር ማካፈል ነው፤ ውጤቱም 786 ዶላር ይሆናል። በቀነሰውና ባካፈለው መካከል ያለው የ46 ዶላር ልዩነት ሳንቲሙ የማን እንደሚሆን ለመወሰን የሚበቃ ነው። የመላኪያው ወጪ የታወቀ እንደሆነና ታክስ የማይጣልበት ከሆነ አስቀድሞ ከገደቡ ላይ ይነሳል፣ ማካፈሉ ከዚያ ይከተላል። አራት ቁጥሮች ብቻ የሚጠይቀውን ይህን ሥራ ሳይሠራ ወደ ጨረታ የሚገባ ሰው የሒሳብ መጠየቂያው ሲደርሰው በድርጅቱ ላይ ማማረሩ ተገቢ አይደለም፤ የኮሚሽኑ መጠን በጨረታው ደንብ ላይ አስቀድሞ የተጻፈ ነውና።

ይህ ስሌት የገባው ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል። ኮሚሽኑን “ገዢው ይከፍለዋል” ይባላል፤ ሁሉም ተጫራቾች በትክክል አስልተው የሚጠሩ ከሆነ ግን ኮሚሽኑ በጨመረ መጠን የሚጠሩት ዋጋ ስለሚወርድ ጉዳቱ በሻጩ ላይ ይወድቃል፤ ገዢው ራሱ የሚጎዳው ሳያሰላ በጠራ ጊዜ ነው። ታክስ ደግሞ ለሁሉም እኩል ስላልሆነ ይበልጥ ረቂቅ ነው። የሜሪላንዱና የቨርጂኒያው ሰብሳቢ ለአንድ የምኒልክ ብር ሁለቱም 1,000 ዶላር ለማውጣት ቢቆርጡ የመጀመሪያው 786፣ ሁለተኛው 833 ዶላር ድረስ ሊጠሩ ይችላሉ። ሳንቲሙን የሚወስደው የቨርጂኒያው ነው፤ ይሁን እንጂ 833 አይከፍልም፤ በጨረታ ዋጋው የሚቆመው ተሸናፊው ከቆመበት አንድ እርምጃ ብቻ ከፍ ብሎ ነውና። ስለዚህ የመዶሻውን ዋጋ ዝቅ ያደረገው ያሸነፈው ሰው ያልከፈለው ታክስ ሳይሆን የተሸነፈው ሰው ይከፍለው የነበረው ታክስ ነው። ለመሸጥ የሚገዛ ነጋዴም የዳግም ሽያጭ ማረጋገጫ አቅርቦ ታክሱን ስለማይከፍል ከግል ሰብሳቢው ጋር ሲፎካከር ይኸው ብልጫ አለው።

ጋዜጦች ሲዘግቡ ብዙ ጊዜ የሚፈጽሙት ስሕተትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ታላላቆቹ አጫራቾች ከሽያጩ በፊት የሚያወጡት ግምት ኮሚሽኑን አያካትትም፤ ከሽያጩ በኋላ የሚያወጡት ውጤት ግን ያካትታል። ግምቱ ከ800 እስከ 1,000 ዶላር የነበረ ዕቃ በ800 መዶሻ ቢሸጥና ኮሚሽኑ 27 በመቶ ቢሆን በውጤት መዝገቡ ላይ 1,016 ተብሎ ይጻፋል፤ አንባቢም ዕቃው ከከፍተኛው ግምት በላይ የወጣ ይመስለዋል፣ በእውነቱ ግን የተሸጠው በዝቅተኛው ግምት ነው። የቀድሞ ሽያጮችን እያየ ለሚቀጥለው ጨረታ ዋጋ የሚወስን ሰብሳቢ በእጁ ያለው ቁጥር ኮሚሽን ያለበት ይሁን የሌለበት ሳያጣራ ሁለት መዝገቦችን ማወዳደር የለበትም።

የሒሳብ መጠየቂያው ጥቅም ክፍያው ሲፈጸም አያበቃም። ከአንድ ዓመት በላይ የተያዘ ሳንቲም በትርፍ ሲሸጥ የፌዴራሉ መንግሥት ለስብስብ በተያዙ ዕቃዎች ትርፍ ላይ እስከ 28 በመቶ የሚደርስ ግብር ይጥላል፤ ለአክሲዮን የተወሰነው ጣሪያ 20 በመቶ ነው። ትርፉ የሚሰላው መግዣው ከመሸጫው ተቀንሶ ሲሆን፣ መግዣ የሚባለውም የመዶሻው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ኮሚሽኑና የሽያጭ ታክሱ ጭምር ነው። ከላይ 1,272 ዶላር የከፈለው የሜሪላንድ ገዢ ብሩን ከዓመታት በኋላ በ1,500 ዶላር ቢሸጠው፣ የሒሳብ መጠየቂያውን ያስቀመጠ እንደሆነ ትርፉ 228 ዶላር ነው፤ የመዶሻውን ዋጋ ብቻ የሚያሳይ ማስረጃ ያለው እንደሆነ ግን ግብር የሚጠየቀው በ500 ዶላር ላይ ይሆናል።