የመኪና ሙዚቃ ከፋብሪካው ወይስ ከገበያው? ተረቱና እውነታው

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ የሚወስደው መንገድ አዋሽን ተሻግሮ፣ በአሰቦትና በሚኤሶ ካለፈ በኋላ ሽቅብ ወደ ጭሮ ይወጣል። ጫት የጫነ አይሱዙ፣ መንገደኛ የሞላ ሚኒባስ፣ የመሥሪያ ቤት ሃርድቶፕ፣ የነጋዴ ፕራዶ፣ የባለሥልጣን ቪ8 ሁሉም ይመላለሱበታል። ከአዲስ አበባ እስከ ጭሮ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ያለ ሙዚቃ የሚገፋ ሹፌር ብዙ አይገኝም።

ስለ መኪና ድምፅ ግን በምዕራብ ሐረርጌ ከሒርና እስከ ገለምሶ የሚወራው ከእውነቱ ጋር የሚጋጭበት ጊዜ ብዙ ነው። ወሬውን ያመነ ሰው ገንዘቡን ይከስራል፣ ባትሪውን ይገድላል፣ ደኅና የነበረውን መኪና ያስበላሻል። ጥሩ ድምፅ በስም፣ በዋት ወይም በስፒከር ብዛት አይገኝም። የሚገኘው ለዚያው መኪና የውስጥ ክፍል ተለክቶ ከተስተካከለ ሥራ ነው። ስለዚህ «ከፋብሪካው ይሻላል ወይስ ከገበያው?» ከማለት በፊት «ለዚህ መኪና ድምፁን ማን ለካው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ተረት፦ ከፋብሪካ የመጣ ቴፕ ሁሉ ደካማ ነው፤ ቅንጡ መኪናም ከውጭ ካልተገጠመለት አይሰማም

እውነታ፦ ይህ አባባል ድሮ እውነትነት ነበረው። በገበያ የተሳካለት የመጀመሪያው የመኪና ራዲዮ፣ ሞቶሮላ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 ከወጣ በኋላ ለብዙ ዓመታት መኪና ሠሪዎች ለድምፅ ብዙም አይጨነቁም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ግን ቦዝ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር ሆኖ ለካዲላክ ሴቪል በራሱ በመኪናው ውስጥ ተለክቶ የተሠራ የድምፅ ሥርዓት አቀረበ። ዛሬ ቅንጡ መኪኖች በዚያው መንገድ ይሠራሉ። በላንድክሩዘር 300 ከፍተኛ ሞዴሎች ላይ 14 ስፒከር ያለው ጄቢኤል፣ በሌክሰስ ኤልኤክስ 600 ላይ 25 ስፒከርና 2,400 ዋት ያለው ማርክ ሌቪንሰን፣ በመርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ ደግሞ ቡርሜስተር ይገኛል።

የመኪና የውስጥ ክፍል ለሙዚቃ አስቸጋሪ ቦታ ነው። ሹፌሩ መሐል ላይ አይቀመጥም። የግራው በር ስፒከር እግሩ ሥር ሲሆን የቀኙ ከአንድ ሜትር በላይ ይርቃል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ የቅርቡ ስፒከር ድምፅ በሺኛ ሰከንዶች ቀድሞ ጆሮ ይደርስና ዘፋኙ በሩ ውስጥ የተደበቀ ያስመስለዋል። መስታወቱ ድምፁን መልሶ ይወረውራል፣ ወንበሩ ይውጠዋል። ፋብሪካው በየወንበሩ ማይክሮፎን አስቀምጦ ይለካል፤ ከዚያም የቅርቡን ስፒከር የሚያዘገይና የጎደለውን የሚሞላ ፕሮሰሰር ይጭናል። ከውጭ የሚገጥም ባለሙያ ከዚህ የበለጠ መሥራት ይችላል፤ ግን ይህን ሁሉ ልኬት ከዜሮ መድገም አለበት።

በተራው ሃርድቶፕ፣ በሚኒባሱና በአይሱዙው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ለእነርሱ ድምፁን የለካላቸው የለም፤ ከፋብሪካ የመጣው ተራ ራዲዮና ጥቂት ቀላል ስፒከር ነው። እዚያ ላይ የተጠና መጠነኛ ወጪ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ተረት፦ ካርቶኑ ላይ «4000 ዋት» ካለ ጉልበቱ ያ ነው

እውነታ፦ የካርቶኑን ቁጥር ትተው ፊውዙን ይዩ። ቴፑን አውጥተው ጀርባውን ሲያዞሩት፣ ከሽቦዎቹ ሶኬት አጠገብ ትንሽ ፊውዝ አለች። ብዙ ጊዜ 10 ወይም 15 ተብሎ ተጽፎባታል፤ አምፒር ማለት ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ዲናሞው ሲሠራ የመኪናው ቮልቴጅ 14 ገደማ ይሆናል። 15ን በ14 ሲያባዙት 210 ዋት ይመጣል። ይህም ቴፑ ከመኪናው ቢበዛ ሊወስድ የሚችለው ነው። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ ትንሽ በለጥ የሚለው ብቻ ስፒከር ይደርሳል፣ ቀሪው በሙቀት ይባክናል። ለአራት ስፒከር ሲካፈል ለእያንዳንዱ 30 ዋት እንኳ አይሞላም። ፊቱ ላይ የተጻፈው ግን «50 ዋት በአራት» ነው።

በአምፕሊፋየርም ስሌቱ ያው ነው። ሁለት ባለ 30 ፊውዝ የያዘ አምፕ ከ840 ዋት በላይ ያለማቋረጥ ሊወስድ አይችልም፤ ታዲያ 4000 ከየት ያመጣል? ክላስ ዲ የሚባሉት አዳዲስ አምፖች ከሚወስዱት 80 በመቶና ከዚያ በላይ ወደ ድምፅ ስለሚለውጡ ይሻላሉ፤ ሆኖም እነርሱም ካልወሰዱት አይሰጡም። ሲገዙ «ማክስ» ወይም «ፒክ» የሚለውን ይለፉና «አርኤምኤስ» የሚለውን ቁጥር ይጠይቁ። እሱ አምፑ ሳይዛነፍ ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ያሳያል።

ጆሮም በዋት አይታለልም። ዋቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ልብ ብሎ ለሚሰማ ጥቂት ለውጥ ነው። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ አሥር እጥፍ ኃይል ይፈልጋል።

ተረት፦ ስፒከር በበዛ ቁጥር ድምፁ ያምራል

እውነታ፦ ያልተስተካከሉ ስፒከሮች ሲበዙ እርስ በርስ ይሻማሉ። ለመፈተን በደንብ የሚያውቁትን ዘፈን ይክፈቱ። በድሬዳዋና በሐረርጌ ጆሮ ውስጥ ያደገውን የዓሊ ቢራን ዘፈን ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። የኡዱ ክር ሲመታ ጥርት ብሎ ከተሰማ፣ ድምፃዊው ከፊት ለፊት መሐል ላይ የቆመ ከመሰለ፣ ባሱ ድምፃዊውን ካልሸፈነው ሥራው ጥሩ ነው። በትክክል የተገጠሙ ሁለት የፊት ስፒከሮችና አንድ አነስተኛ ሰብዉፈር (የባስ ስፒከር) ይህን ያሟላሉ። ከዚያ በፊት ግን በሩን በእጅ መታ መታ ያድርጉት። የሚንጫጫ ከሆነ አዲስ ስፒከርም አያድነውም፤ አስቀድሞ የውስጥ ቀዳዳዎቹ መደፈን አለባቸው፣ ቆርቆሮው ላይም ንዝረት የሚውጥ ምንጣፍ መለጠፍ አለበት።

ተረት፦ ስሙ ከተጻፈበት ኦሪጅናል ነው

እውነታ፦ ጄቢኤል፣ ሃርማን ካርደን፣ ኢንፊኒቲና ማርክ ሌቪንሰን የአንድ ኩባንያ፣ የሃርማን፣ ስሞች ናቸው። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2017 ሃርማንን በ8 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ስለዚህ ከአንድ ኩባንያ ርካሽም ውድም ዕቃ ይወጣል፤ ኮፒም አለ። ስሙን ሳይሆን የሞዴል ቁጥሩን ይያዙና አርኤምኤሱንና ኦሙን (የኤሌክትሪክ መቋቋሚያውን ልክ) አምራቹ ካሳተመው ጋር ያስተያዩ።

ተረት፦ የቪ8ን ወይም የሌክሰስን ስፒከር ብቻ ቢቀይሩት ይሻሻላል

እውነታ፦ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ከፋብሪካ የተጫነው ፕሮሰሰር የተስተካከለው ለዚያው ለመጣበት ስፒከር ነው። አዲሱ ስፒከር ምንም ውድ ቢሆን ለሌላ የተሰፋ ልብስ ይለብሳል። በርካታ የፋብሪካ ስፒከሮች 2 ኦም ወይም ከዚያ በታች ሲሆኑ የገበያዎቹ በአብዛኛው 4 ኦም ናቸው፤ ስለዚህ ከዚያው አምፕ የሚያገኙት ጉልበት ይቀንሳል። ብዙ የፋብሪካ ቴፖችም ድምፅ ሲጨመር ስፒከሩ እንዳይቃጠል ባሱን በራሳቸው ይቀንሳሉ። ከእነርሱ መስመር ወስዶ ትልቅ አምፕ የሚቀጥል ሰው የሚያጎላው ባሱ የተቆረጠ ድምፅ ነው።

በመርሴዲስ፣ በቢኤምደብሊውና በኦዲ ብዙ ሞዴሎች ላይ ድምፁ የሚጓዘው በሽቦ ሳይሆን ሞስት በሚባል ቀለበት በሆነ የብርሃን መስመር ነው። አንዱ ዕቃ ከቀለበቱ ሲወጣ ሌላውም ሊዘጋ ይችላል። የቀበቶ፣ የፓርኪንግና የሌላ ማስጠንቀቂያ ጩኸት በእነዚሁ ስፒከሮች የሚወጣባቸው መኪኖችም አሉ። ትዊተር (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ትንሽ ስፒከር) የሚገጠምበት የፊት ምሰሶ ሽፋን ከኋላው የመጋረጃ ኤርባግ ሊኖረው ይችላል፤ የኤርባግ ሽቦና ሶኬት በአብዛኛው ቢጫ ነው። ቢጫውን ቆርጦ የሚቀጥል እጅ ከዚያ መኪና ይራቅ።

በእንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ትክክለኛው መንገድ የፋብሪካውን ቴፕ ባለበት መተው፣ ከእሱ የሚወጣውን ድምፅ የሚያስተካክል ፕሮሰሰር መጨመር፣ ካስፈለገም በትንሽ ሳጥን ሰብዉፈር መግጠም ነው። ያለ መቁረጥ ከተሠራ ሊሸጥ ሲፈለግ ይነሣል፣ መኪናውም «ያልተነካ» እንደተባለ ይቆያል።

ተረት፦ አይሱዙ ላይ ቴፑን ከአንዱ ባትሪ መሳብ ጉዳት የለውም

እውነታ፦ በምዕራብ ሐረርጌ መንገዶች ላይ ባትሪ ያለ ዕድሜው ከሚገድሉት ልማዶች አንዱ ይህ ነው። ብዙዎቹ የአይሱዙ ጭነት መኪኖች ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ተያይዞላቸው በ24 ቮልት ይሠራሉ። የገበያ ቴፕ ደግሞ ባለ 12 ነው። ስለዚህ ገጣሚው ከአንዱ ባትሪ ላይ 12 ይስባል። ያ ባትሪ ቀን ከሌት ይበላል፣ ሌላው ግን አይነካም። ዲናሞው የሚያያቸው እንደ አንድ ነው፤ ለሁለቱም እኩል ይሰጣል። በዚህ የተነሣ የተበላው ሳይሞላ ይቀራል፣ ያልተነካው ከመጠን በላይ ይሞላና ውኃውን ያፈላል። በመጨረሻ ሁለቱም ይሞታሉ፤ ሹፌሩ ግን «ባትሪው ኮፒ ነበር» ይላል። መፍትሔው ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ፣ የቴፑንና የአምፑን አምፒር የሚሸከም ኮንቨርተር መግጠም ነው። ዋጋው ከሁለት ባትሪ ጋር አይወዳደርም።

ተረት፦ ትልቅ ባትሪ ካለ ሰብዉፈር ችግር የለውም

እውነታ፦ ሞተሩ ሲሠራ ሙዚቃውን የሚመግበው ዲናሞው ነው። ባትሪው መጠባበቂያ ነው። ዲናሞው ከሚያመርተው በላይ የሚበላ አምፕ ከተገጠመ ባትሪው ቢተልቅ መዘግየት እንጂ መዳን የለም። ሙዚቃው ሲመታ የፊት መብራቱ ደመቅ ፈዘዝ ካለ ምልክቱ ያ ነው።

ከዚህ የከፋው የገመዱ ነገር ነው። ከባትሪ ወደ አምፕ የሚሄደው ዋና ገመድ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ መሆን አለበት፤ አምፑ ጋ ያለው ብቻ አይበቃም። ገመዱ ኮፈን ሥር ወይም በቆርቆሮ ቀዳዳ ሲያልፍ ላስቲክ ካልለበሰ፣ በኮረኮንች ላይ እየተፋተገ ይላጥና ከቦዲው ጋር ይገናኛል። ፊውዝ ከሌለው መኪናው ይቃጠላል። በገበያ ርካሽ ሆኖ የሚሸጠው ወፍራም ገመድም አንዳንዴ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። ከንጹሕ መዳብ ያነሰ ስለሚሸከም በእኩል ውፍረት የበለጠ ይሞቃል።

ተረት፦ ከጃፓን የመጣ መኪና ራዲዮው ተበላሽቷል

እውነታ፦ አልተበላሸም። የጃፓን ኤፍኤም ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ የተወሰነ ነበር፤ በቅርብ ዘመን እስከ 95 ደርሷል። የእኛ ጣቢያዎች አብዛኞቹ ከዚያ በላይ ናቸው፤ በአዲስ አበባ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ላይ ይሰማሉ። ባንድ ኤክስፓንደር የምትባል ትንሽ ዕቃ በአንቴናው መስመር ላይ ስትገባ ችግሩን በአብዛኛው ትፈታለች። ለዚህ ብሎ ደኅና ቴፕ መጣል አያስፈልግም።

ተረት፦ በኤሌክትሪክ መኪና ያ ሁሉ ባትሪ ስላለ እንደፈለጉ ሙዚቃ መጨመር ይቻላል

እውነታ፦ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ የግል መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ ጥያቄው ወደ ክፍለ ሀገርም እየመጣ ነው። ቴፑና አምፑ የሚመገቡት ከትልቁ ባትሪ በቀጥታ አይደለም፤ ከእሱ ወደ 12 ቮልት በሚቀንስ ዕቃ በኩል ነው፤ የዚያ ዕቃ አቅም ደግሞ የተወሰነ ነው። ብርቱካናማ ቀለም የለበሱት ገመዶች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚያልፍባቸው ሰው ይገድላሉ። ያልሠለጠነ ሰው አይንካቸው። ሞተሩ ስለማይጮህ በዝቅተኛ ድምፅም ሙዚቃው ጎልቶ ይሰማል፤ ትልቅ አምፕ የሚያስፈልግበት ምክንያት በራሱ ይቀንሳል።

ተረት፦ በጮኸ ቁጥር ጥሩ ነው

እውነታ፦ አምፑ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል፤ ትዊተር የሚያቃጥለውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ከትዊተር በላይ ግን ጆሮ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ በሳምንት 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይቀራል። አንድ የአዲስ አበባ ጉዞ ይህን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። የተጎዳ የመስሚያ ሕዋስ ደግሞ አይተካም። በሚኒባስ ውስጥ ያለው ሕፃንና ሽማግሌም ድምፁን የመቀነስ ሥልጣን ስለሌለው ኃላፊነቱ የሹፌሩ ነው።

ቅንጡ መኪና ያለው ሰው እንግዲህ ፋብሪካው የሠራውን ያክብር፤ ቢጨምርም ሳይቆርጥ ይጨምር። አይሱዙ፣ ሚኒባስ ወይም ሃርድቶፕ ያለው ደግሞ ሁለት ደኅና የፊት ስፒከር፣ ልኩን የሚያውቅ አምፕና ንጹሕ የመዳብ ገመድ ይግዛ። ለሁለቱም ገጣሚውን ሦስት ነገር መጠየቅ ይበቃል፦ የዕቃው አርኤምኤስ ስንት ነው? ዋናው ፊውዝ የት ይቀመጣል? ከገጠምክ በኋላ ድምፁን ወንበሩ ላይ ሆነህ ታስተካክለዋለህ? ለሦስቱም ግልጽ መልስ ያለው ባለሙያ ጭሮም ይገኝ በዴሳ፣ ከሚያብረቀርቅ ስም ይልቅ ገንዘብ የሚገባው ለእሱ ነው።