መንገዱ ከተመረቀ በኋላ ማን ይጠብቀው?

ስለ መንገድ ሲነሣ ለብዙ ሰው በዐይነ ኅሊናው የሚታየው የተዘረጋ ሪባን፥ ሪባኑን የሚቈርጥ ሹምና በዙሪያው የሚያጨበጭብ ሕዝብ ነው። ይህ የሚያስደስት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የክልል የመንገድና የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ የሚጀምረው እንግዶቹ ምሳቸውን በልተው ከተመለሱ በኋላ ስለ ሆነ፥ ነገ በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ወጣቶች የሥራውን ውስጠ ነገር አስቀድመው ቢያውቁት መልካም ነው።

አውራ ጎዳናን የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም ሥራው ሁሉ በአንድ እጅ የተያዘ ነበር። ዛሬ ግን ዋና ዋናዎቹን መንገዶች የፌዴራሉ መንግሥት ሲይዝ፥ ወረዳንና ቀበሌን የሚያገናኙት የክልሉ ድርሻ ናቸው፤ የከተማ ውስጥ መንገድ ደግሞ የከተማው አስተዳደር ነው። ድልድይ በፈረሰ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ነው?» የሚል ነውና፥ መልሱ አስቀድሞ በመዝገብ ካልተጻፈ ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ክረምቱ ያልፋል።

በ1989 ዓ.ም. የአገሪቱ መንገድ ርዝመት 26,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ከ110,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም ምክንያት፥ ከጭማሪው የሚበዛው የገጠርና የወረዳ መንገድ ነው። ለጥገና ተብሎ በ1989 ዓ.ም. በዐዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ግን፥ በነዳጅ ላይ ከሚጣለው ክፍያና ከሌላውም ምንጭ የሚያገኘውን ገንዘብ ለብዙ ዓመታት ሲያከፋፍል የኖረው ለፌዴራል 70፥ ለክልሎች 20፥ ለከተሞች 10 ከመቶ እያደረገ ነው። የበዛው ርዝመት በአንድ ወገን፥ የበዛው ገንዘብ በሌላ ወገን ሆነ ማለት ነው። እርግጥ አስፋልት ከጠጠር ይልቅ ብዙ ወጪ ይጠይቃል፤ የሚመላለስበትም መኪና ይበዛል። ቢሆንም በትንሽ ገንዘብ ረጅም መንገድ እንዲጠብቅ የታዘዘ ሹም እያንዳንዱን ብር በጊዜው ማዋል ይኖርበታል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ጊዜውና ገንዘቡ አይገጥሙም። የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን፥ ዝናሙ በሚበረታበት ወር ነው። ቦይና ቱቦ መጠረግ ያለባቸው ግን ዝናም ከመግባቱ በፊት፥ በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ በልግ በሚዘንብበት አገር ከዚያም ይቀድማል። እነዚህም ወራት የአሮጌው ዓመት ከረጢት የሚሟጠጥባቸው ናቸው። ግሬደርም መንገዱን መፋቅ የሚገባው አፈሩ ርጥበት ሳይለቀው፥ በጥቅምት ግድም ነው፤ በጥር አቧራ ከሆነ በኋላ ቢፋቅ ያው አቧራ ተመልሶ ይበተናል። ጨረታው እስኪወጣና ውሉ እስኪፈረም ጥቅምት ካለፈ ግን መሐንዲሱ ምን ያድርግ? ብልህ ሹም የግንቦቱን የቦይ ጠረጋ ገንዘብ በመስከረም ለይቶ ያስቀምጣል፥ በጥር ለሌላ ጉዳይ ሲጠየቅም አይሰጥም። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ መንገድ የሚድነው በዚህ ነው።

ውሃ የመንገድ ጠላት የሚሆነው ቆሞ ሲያድር ነው። የጠጠር መንገድ ወገቡ ከፍ ብሎ ወደ ሁለቱም ጎን ያዘነበለ ሊሆን ይገባዋል። ቦዩ በደለል ሲሞላ ውሃው ተመልሶ ወደ መንገዱ ሆድ ይገባል፤ ከሥር ያለው ዋልካ ሲሆን ደግሞ አብጦ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። ጎማ ይሰጥምበታል፥ የጎማው ፈለግ ራሱ ቦይ ይሆናል። በዓመቱ የአንድ ቀን የአካፋ ሥራ የነበረው ነገር ገልባጭ ካሚዮንና አዲስ ጠጠር የሚጠይቅ ይሆናል። በዚያ መካከል ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስዳት አምቡላንስ ጭቃው ዳር ቆሞ ይቀራል፤ ቤተ ዘመድም በወሳንሳ ይሸከማታል።

ሁለተኛው ጠላት ከልክ ያለፈ ጭነት ነው። በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በተደረገ ታላቅ የመንገድ ምርመራ እንደ ታወቀው፥ ጉዳቱ ከክብደቱ ጋር እኩል አይጨምርም። በአንድ አክስል ላይ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ቢሆን፥ በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። የአሸዋና የድንጋይ ካሚዮኖች በወረዳ መንገድ ላይ ምን እንደሚያደርሱ አንባቢ ራሱ ያስላው፤ ሚዛን ደግሞ በዚያ አይገኝም።

ታሪፍ የሚያወጣው፥ መናኸሪያን የሚቈጣጠረውና መኪኖችን በየመስመሩ የሚያሰማራው የትራንስፖርቱ ክፍል፥ ከመንገዱ ክፍል ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ቢሆንም ባይሆንም፥ ጉዳያቸው አንድ ነው። የመንገደኛ ታሪፍ የሚሰላው በኪሎ ሜትር፥ ለአስፋልትና ለጠጠር ተለይቶ ነው። መንገዱ ሲበላሽ ግን ሾፌሩ ጎማና ባሌስትራ ስለሚፈጅበት ወይ ከታሪፍ በላይ ይጠይቃል፥ ወይ ወደዚያ መስመር አልሄድም ይላል። ተቈጣጣሪው ይቀጣዋል፥ መንገደኛውም ያጕረመርማል። የጠቡ ሥር ግን በመናኸሪያው በር ሳይሆን 40 ኪሎ ሜትር ርቆ በተደፈነው ቱቦ ውስጥ ነው። ስለዚህ የታሪፍ አቤቱታ የሚበዛባቸው መስመሮች ዝርዝር በየወሩ ለጥገናው መሐንዲስ ቢላክለት፥ ያለ ወጪ የሚገኝ የመንገድ ምርመራ ይሆንለታል።

ጎረቤታችን ኬንያ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሠራችው የገጠር መንገድ ፕሮግራም፥ መንገዱ ሲሠራ በቀን ሠራተኛነት ካገለገሉት የአካባቢው ሰዎች መካከል እየመረጠች ለእያንዳንዱ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቁራሽ በውል ታስረክብ ነበር። አንድ ክልል ይህን በአንድ ወረዳ ሊሞክረው ቢፈልግ አዲስ ግሬደር መግዛት አያስፈልገውም፤ አካፋ፥ ዶማ፥ የእጅ ጋሪና ሥራውን አይቶ ክፍያውን በጊዜው የሚያጸድቅ ተቈጣጣሪ ይበቃዋል። የዚያ ሰው ቤቱ ከመንገዱ ዳር ነው፤ ሌሊት ዘንቦ ቱቦው ቢደፈን ጧት ከሁሉ ቀድሞ የሚያየው እርሱ ነው።