ጥንስስ፣ ድፍድፍ፣ ቅራሪ፤ ከጠላ ቤት ስለ ተገኙ ቃላት

«ድፍድፍ ነዳጅ» የሚለው ስያሜ በጋዜጣም በመንግሥት ሰነድም ስለ ተለመደ፣ ከጠላ ጋን የወጣ መሆኑን የሚያስታውስ ተርጓሚ ጥቂት ነው። ከመሬት የወጣውን ገና ያልተጣራ ዘይት ለመሰየም የባዕዱን ቃል እንዳለ መውሰድ ይቻል ነበር፤ የጸናው ግን ማናቸይቱም ጠላ ጠማቂ የምታውቀው ቃል ነው። በዚህ ጽሑፍ የዚህንና የመሰሎቹን ቃላት ፍች፣ ቃላቱ በሚሠራባቸው ስፍራ ተገኝተን ለመመርመር እንሞክራለን።

የመረጥነው ስፍራ ወረታ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ የፎገራን ሜዳ ሲያቋርጥ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠለው በዚሁ አካባቢ ነው። ከከተማው ዳር በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ አየንና ጠላ መኖሩን ዐወቅን፤ ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልግም። ውስጡ የጭቃ መደብ፣ ሁለት አግዳሚና በጓዳው በር በኩል ብቅ ያለ ጋን ነው።

በእጃችን የነበረው የመዝገበ ቃላት ካርድ ጥንስስን «ለጠላ የሚዘጋጅ ድፍድፍ» ብሎ ይፈታዋል። ካርዱን የጻፍነው እኛው ነን። ለባለቤቲቱ ስናነብላቸው ሣቁና፣ «የኔ ጌታ፣ ጥንስሱ ሳይነሣ ድፍድፉ ከየት ይመጣል?» አሉን። ጠላ ጠጥተን ያደግን ሰዎች ቃሉን ከጠጪ ወገን ብቻ ማወቃችን የተገለጠልን ያን ጊዜ ነው።

የአሠራሩ ዝርዝር ከቤት ቤት ቢለያይም ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። ተወቅጦ የደቀቀ ጌሾ፣ ብዙ ጊዜም ከብቅል ጋር፣ በወይራ በታጠነ ጋን ውስጥ በውሃ ተበጥብጦ ለጥቂት ቀናት ሲቀመጥ ጥንስስ ይባላል። በዚህ ላይ የተቆራረሰ ቂጣ ወይም እንኩሮ፣ ብቅልና ጌሾም ሲጨመርበት የሚገኘው ወፍራም ነገር ድፍድፍ ነው። ድፍድፉ ሲብላላ ውሃ ይሞላበትና ይከደናል፤ ጠላ የሚባለው ከዚህ በኋላ ነው። ያልጠለለው ጉሽ፣ ዋናው ጠላ ከተቀዳ በኋላ በቀረው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚገኘው ቀጭን መጠጥ ቅራሪ፣ ለከብት የሚሰጠው ዝቃጭ ደግሞ አተላ ነው።

ስለዚህ ጥንስስ ኀይል አለው፤ አካል ግን የለውም። ድፍድፍ አካሉ ተሟልቷል፤ አልጠራም። «የሐሳቡ ጥንስስ» ስንል ገና ያልሰፋ ጅምር ማለታችን ስለሆነ አነጋገሩ ትክክል ነው። ተጽፎ ያለቀን፣ መጽደቅ ብቻ የቀረውን ሰነድ ግን ጥንስስ ማለት ስሕተት ነው፤ ለዚያ ረቂቅ የሚል ቃል አለን። የነዳጁ ስያሜም የተዋጣለት በዚሁ ምክንያት ይመስለናል፤ ቤንዚኑም ናፍጣውም በውስጡ አለ፣ የቀረው መለየቱ ነው። ሴራም «ይጠነሰሳል» እንጂ «ይደፈደፋል» አይባልም፤ ተከድኖ፣ ጊዜ እየጠበቀ የሚሠራ ነገር ነውና። ጥንስስን ከጽንስ ጋር የሚያምታቱ ጸሐፊዎችም አሉ፤ ሥርወ ቃላቸው ምንም ይሁን ምን፣ በዛሬው አገልግሎት አንዱ የማሕፀን፣ ሌላው የጋን ነው።

ወረታ ሌላም ነገር አስተማረችን። ሩዝ በፎገራ ከ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት ወዲህ ተስፋፍቶ ለእንጀራም ለጠላም ውሏል። እህሉ ሲለወጥ ከጥንስስ እስከ አተላ ያሉት ስሞች አልተለወጡም። እንግዲህ ጠላን «ከገብስ የሚጠመቅ» ብሎ የሚፈታ መዝገበ ቃላት የዳጉሳውን፣ የበቆሎውንና የሩዙን ጠላ ከደጅ ያስቀራል። ፍቹ ከእህሉ ይልቅ በአሠራሩ ላይ ቢመሠረት ይሻላል እንላለን።

ስለ ቤቱ ስያሜም ለተርጓሚዎች አንድ ነገር እናንሣ። የእንግሊዝኛው «ፐብ» «ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቤት» ከሚል ስያሜ ያጠረ ሲሆን መጠጡን አይጠራም። የእኛዎቹ ጠላ ቤት፣ ጠጅ ቤትና አረቄ ቤት ግን በመጠጡ ይጠራሉ፤ ቡና ቤት ብቻ በቡና ስም ቢራ ይሸጣል። ስለዚህ የእንግሊዙን ቤት ጠላ ቤት ብሎ መተርጐም የሌለ ጠላ ማስቀዳት ነው፤ መጠጥ ቤት ይበቃዋል። አንዳንዶች መሸታ ቤት የሚለውን ይመርጣሉ። በእማሬው የሚያስነውር ነገር ባይኖርበትም ፍካሬው ከብዷል። ቃሉን በወረታዋ ባለቤት ፊት ስናነሣ ፊታቸው ተለወጠ፤ «እኔ ጠላ ነው የምሸጥ፤ ልጆቼንም ያሳደግሁበት ነው» አሉን። በካርዱ ላይ «መሸታ ቤት» ከሚለው ግርጌ «ዛሬ በአብዛኛው ለነቀፋ» የሚል ማስታወሻ ያከልነው እዚያው መደብ ላይ ተቀምጠን ነው።