የሣር ማጨጃ ማሽን የክር ማቀፊያ ሲሰበር ምን እናድርግ?

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ በሣር ይሸፈናል። በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ ደግሞ ጊዜው ያጣድፋል፤ የመስቀልን በዓል ከቤተሰቡ ጋር ለማክበር ከየሀገሩ የሚመጣው ምእመን ብዙ ስለሆነ ግቢውና የመቃብሩ ሥፍራ መስከረም 17 ሳይደርስ ሊጸዱ ይገባል። ይሁን እንጂ በምእመናን ገንዘብ የተገዛ ማሽን፣ ሞተሩ ደኅና ሆኖ ሳለ፣ አንዲት የፕላስቲክ ዕቃ ስለ ተሰበረች ብቻ በዕቃ ቤት ተቀምጦ እናገኘዋለን።

ይህች ዕቃ የናይሎኑ ክር የሚጠቀለልባት፣ በዘንጉ ጫፍ የምትሽከረከረው የክር ማቀፊያ ናት። ከድንጋይና ከመቃብር ሐውልት ጋር ስትጋጭ ትሰነጠቃለች፤ ከመሬት ጋር ስትፋተግም ታልቃለች። መለወጧ ግን የሰበካ ጉባኤው አባል ወይም የግቢው ሠራተኛ ራሱ ሊፈጽመው የሚችል ሥራ ነው።

በቅድሚያ ሞተሩን አጥፍቶ ማቀዝቀዝና የካንዴላውን ገመድ መንቀል ያስፈልጋል፤ ይህ ሳይደረግ ማቀፊያዋን መንካት አይገባም። ቀጥሎ ከማቀፊያዋ በላይ ካለው የጊር ቦክስ አጠገብ በሚገኘው ቀዳዳ ቀጭን ካቻቢቴ ማስገባትና ዘንጉ እስኪቆለፍ ድረስ ማቀፊያዋን ቀስ ብሎ ማዞር ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። በአብዛኞቹ ቀጥ ያለ ዘንግ ባላቸው ማሽኖች የብሎኑ ጥርስ የተገላቢጦሽ ስለሆነ፣ ማቀፊያዋን ከፊት ለፊት እያዩ የሚፈቷት ወደ ግራ ሳይሆን ወደ ቀኝ ነው። እንዲህ የተሠራው በሥራ ላይ የሚፈጠረው ጫና ይበልጥ እንዲያጠብቃት እንጂ እንዳይፈታት ነው። ይህን ሳያውቁ በጉልበት ወደ ግራ ማዞር ጥርሱን ይበላዋል፤ ያን ጊዜ ጥቂት ብር የሚበቃው ጥገና ብዙ ወጪ ያስከትላል።

አዲሷን ለመግዛት ስንሄድ አሮጌዋን ይዘን እንሂድ፤ የጥርሱ ስፋት ካልገጠመ አትሠራምና። የሮንዴላዎቹን ቅደም ተከተል አስተውለን፣ ቆሻሻውን ጠርገን፣ አዲሷን ወደ ግራ እያዞርን በእጅ እናጥብቃት። ሞተሩን ከማስነሣታችን በፊት ካቻቢቴው መውጣቱንና መከላከያ ሽፋኑ በቦታው መሆኑን እናረጋግጥ። ማሽኑ ከወትሮው በተለየ ከተንቀጠቀጠ ወዲያው አጥፍተን ወደ ባለሙያ እንውሰደው።

ክር ሲያልቅ በሽቦ የሚተኩ አሉ። ይህ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም፤ የተቆረጠ ሽቦ እንደ ጥይት ተወርውሮ ሰው ይጎዳል። በናይሎን ክርም ቢሆን ጠጠር ስለሚፈናጠር ሠራተኛው የዓይን መከላከያ ያድርግ፤ ሕፃናትና ምእመናን ቢያንስ 15 ሜትር ይራቁ።

በመጨረሻም የሚሽከረከረው ክር የችግኝን ልጥ ዙሪያውን ይልጣል፤ እንዲህ የተላጠ ጽድ ወይም ወይራ ውሎ አድሮ ይደርቃል። ስለዚህ በችግኞች ዙሪያ ያለውን ሣር በማጭድ ማጨድ ይበጃል።